የአባባ ትከሻ

ሻማውን ወደዚህ አምጡት። ተዉት፣ ተዉት፣ እዚያው ይሁን፤ ዓይኔን ያመኛል። መብራቱም ዛሬ የሚመጣ አይመስለኝም። ምንትዋብ፣ እስቲ እናትሽን እያት። ተኝታለች? ሳሉስ ተዋት? በይ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተይው፤ ትንፋሿን ልስማው። ሰሞኑን እሷን ሳስታምም አድሬ አድሬ ወገቤ የኔ አይደለም። ደክሞኛል ልጆች። ደክሞኛል ስላችሁ ለወግ አይደለም።

ይትባረክ፣ አንተ ደግሞ ጫማህን የምታስረው ወዴት ልትሄድ ነው? ቤትህ? በዚህ ጨለማ? በወንዙ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ብቻህን? ኧረ ተው! ቁጭ በል። «ትልቅ ሰው ነኝ እኮ ጋሼ» አትበለኝ። ትልቅ ሰው መሆንህን አውቃለሁ፤ ሠርግህ ላይ ጨፍሬ ጉልበቴን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለሚስትህ ደውልና እናቴ ጋ አድራለሁ በላት። ለምን እንደማልለቅህ ልንገርህ። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናታችሁም አታውቀውም፤ ስለዚህ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው። ቦታው እንግሊዝ አገር፣ አንዲት ትንሽ መንደር። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ካርታ ላይ ፈልጋችሁ አታገኟትም። አያታችሁ አጥናፉ የከብት እርባታ ሊማር ተልኮ ሄደ። ትምህርቱ ሲያልቅ አንድ ገበሬ «ላሞቼ ወደውሃል፣ አትሂድብኝ» ብሎ አስቀረው። እውነትም ወደውት ነበር። ሲያልባቸው በአማርኛ ነበር የሚያባብላቸው፤ «እሰይ የኔ እመቤት» ሲላት የማትቆም ላም አልነበረችም። ከዚያ እናቴን አስመጣ። እኔም እዚያው ተወለድኩ። ቀጥላ ስንዱ፣ እናታችሁ፣ መጣች።

መንደሯ ላይኛውና ታችኛው ሰፈር የሚባል አላት። ታች ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ሱቁ አለ፣ ቢራ ቤቱ አለ፣ ሐኪሙ አለ። ዳክዬ የሚዋኝበት ኩሬም አለ፤ እኔ የገባሁበትና እናቴ የገረፈችኝ። ላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ምን አለ? ምንም። ጥቂት የድንጋይ ቤቶች፣ ላሞችና ዝናብ። ዝናቡ ክረምት በጋ የለውም። የልጅነቴን ነገር ብትጠይቁኝ ከሁሉ በፊት ትዝ የሚለኝ ምድጃው ላይ የተሰጣው ካልሲዬ ነው፤ ደርቆ አያውቅም። እኛ የምንኖረው ላይኛው ሰፈር፣ መጨረሻው ቤት ነበር። ይቺን ያዙልኝ። መጨረሻው ቤት።

እና ጎረቤታችን ሚስስ ፔንፎልድ የምትባል አሮጊት ነበረች። ለእናቴ ሹራብ መሥራት ያስተማረቻት እሷ ናት። እናቴ ደግሞ ውለታ ልመልስ ብላ ቃሪያ አቀመሰቻት፤ ምስኪን፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ስትጠጣ ዋለች። ግን አልተቀየመችም። ስለ መንገዱ የነገረችንም እሷው ናት።

የቱ መንገድ? የሬሳ መንገድ ነዋ።

ላይኛው ሰፈር ቤተ ክርስቲያን የለውም፤ መቃብርም የለውም። በድሮ ጊዜ ሰው ሲሞት ሬሳው በሳጥን ሆኖ፣ በአራት ሰው ትከሻ፣ በአንዲት ቀጭን መንገድ ወደ ታች ይወርድ ነበር። በሜዳው አድርጎ፣ በጫካው አድርጎ፣ ጅረቱን ተሻግሮ። በየመሃሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። ተሸካሚ ሲደክመው ሳጥኑን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አይሆንም። ለምን አይሆንም? ደንብ ነው። ሳጥኑ ባዶ መሬት ከነካ፣ ወደ ተነሣበት ቤት ተመልሶ ጉዞው እንደ አዲስ ይጀመራል። በዚያ ጭቃ፣ ያንን ዳገት፣ ሬሳ ተሸክሞ ሽቅብ! አስቡት እስቲ። ስለዚህ ማንም አይጥልም።

ሚስስ ፔንፎልድ «አጥናፉ» ማለት አይሆንላትም ነበር፤ «ሚስተር አት» ነው የምትለው።

«ሚስተር አት» አለችው አንድ ቀን፣ «ከመሸ በኋላ በዚያ መንገድ እንዳትሄድ። ከሄድክም ሳጥን የተሸከሙ ሰዎች ካየህ ፊትህን ወደ አጥሩ አዙርና እስኪያልፉ ዝም ብለህ ቁም። ከእነሱ አንዱ ይደክመዋል። ተቀበለኝ ይልሃል። በምንም ዓይነት እንዳትቀበለው።»

እናቴ አማተበች። አባቴ ግን ሳቀ።

«ለሬሳ ፊቴን ላዙር?» አላት ለእናቴ በአማርኛ። «ሰው ሞቶ በፊቴ ሲያልፍ እኔ ቁጥቋጦ ሳይ? እንዲህ ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ?»

እውነቱን ነው እኮ። እኛ ሬሳ መንገድ ላይ ብናገኝ ምን እናደርጋለን? ንገሩኛ! ባርኔጣ እናወልቃለን፣ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ ዞረን ጥቂት እንሸኛለን። ተሸካሚው ደክሞት ካየንም ትከሻችንን እንሰጣለን። የማናውቀው ሰው ቢሆንም እንሰጣለን። የዚያ መንደር ሰው ቢሆን ፊቱን አዙሮ ይቆም ነበር። አባቴ ግን የዚያ መንደር ሰው አልነበረም። ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ክረምት በረዶ ጣለ። እንዲህ እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ እንዳይመስላችሁ፤ በር የሚዘጋ በረዶ ነው። በዚያው ሰሞን ስንዱ ታመመች። ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። ጉሮሮዋ ተዘጋ። ስትተነፍስ ሲጥ... ሲጥ... ትላለች። ያንን ድምፅ እኔ ራሴ ሰምቼዋለሁ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ ጆሮዬን ደፍኜም ይሰማኝ ነበር። ዛሬ እናታችሁ ስታስል ፊቴ የሚጠቁረው ለምን ይመስላችኋል? ያ ድምፅ እንዳይመጣ ነው የምጠብቀው።

አባቴ ላም ሲያልብ ውሎ ገና መግባቱ ነበር። ቁጭ እንኳ አላለም። ወደ ሐኪሙ ወረደ። ሲወርድ በመኪናው መንገድ ዞሮ ወረደ። ሐኪሙ መኪናውን ቢያስነሣ በረዶው አላስኬድ አለው። ሽሮፕ በጠርሙስ ሰጠውና «ቶሎ ካደረስክላት ትተርፋለች፤ ከዘገየህ ግን እኔ እንጃ» አለው።

ቶሎ ካደረስክላት። እንግዲህ የመኪናው መንገድ ዙር ነው። የሬሳው መንገድ አቋራጭ ነው። ይትባረክ፣ አንተ ብትሆን በየት በኩል ትሄድ ነበር? አየህ! እሱም በዚያው ሄደ። ጠርሙሱ እንዳይቀዘቅዝ ደረቱ ውስጥ ከሸሚዙ ሥር ከተተውና ጅረቱን ተሻግሮ ጫካው ውስጥ ገባ።

ጨለማ ነው። ነፋስ የለም። የራሱን እርምጃ ብቻ ይሰማል። ሂድ፣ ሂድ፣ ሂድ። ከዚያ የራሱ ያልሆነ እርምጃ ሰማ። ቆመ። እርምጃው ግን አልቆመም። ከላይ እየወረደ ነው። እኩል የሚረግጥ፣ ከባድ፣ እግሩን የሚጎትት እርምጃ።

ቀጥሎ መብራት አየ። ፋኖስ ነው። ወዲያና ወዲህ ይላል። ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ አለ በልቡ። ፋኖሱ ቀረበ። ያዡ ግን አልታየውም። ከፋኖሱ ኋላ ሳጥን መጣ፤ ከሳጥኑ ሥር አራት ሰዎች። አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ በአማርኛ። ያኔ አንድ ነገር አየ። ብርድ ነው አይደል? ከእሱ አፍ ጭስ ይወጣል። ከእነሱ አፍ ምንም አይወጣም።

ፈራ? ፈራ እንጂ! ሚስስ ፔንፎልድም ትዝ አለችው። ግን ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? «መኩሪያ፣ ፊታቸው የሚያስፈራ አልነበረም። የደከመው ሰው ፊት ነው። እንደ እኔ የደከመው።» አንደኛው፣ በስተኋላ በቀኝ በኩል ያለው ሽማግሌ፣ እግሩ ይብረከረካል።

«ወዳጄ» አለው ሽማግሌው፣ «ትከሻዬ አለቀ። ተቀበለኝ።»

አባቴ ደረቱ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ነካ አደረገው። ልጄ አለ በልቡ። ደግሞ ሽማግሌውን አየው። እስከሚቀጥለው ድንጋይ ድረስ ምን አላት፣ አድርሼ እሮጣለሁ አለ። አስተዳደጉ አላሳልፈው አለ። ትከሻውን ሰጠ።

ሽማግሌው በረዶው ላይ ቁጭ አለ። «እፎይ» አለ። ይቺን ብቻ። አባቴ ዞር ብሎ ቢያይ ሽማግሌው የለም።

መራመድ ጀመሩ። ወደ ታች ነው። ከቤቱ እየራቀ። ሳጥኑ ቀላል ነበር። አባቴ ላም የሚጎትት ሰው ነው፤ ቅለቱ ራሱ ደነቀው። ከፊቱ ያለውን ሰው ጠየቀው።

«የማን ሬሳ ነው?»

«እኛ አይነገረንም» አለው ሰውየው ሳይዞር። «እናነሣለን፣ እናደርሳለን። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስናደርሰው ያልቃል።»

«ከየት ነው ያነሣችሁት?»

«ከላይኛው ሰፈር። ከመጨረሻው ቤት።»

መጨረሻው ቤት የማን ነበር? ያዙልኝ አላልኳችሁም?

አባቴ ጆሮውን ወደ እንጨቱ አስጠጋ። ጭው ያለ ዝምታ። ከዚያ ከሳጥኑ ውስጥ፣ ሲጥ... ሲጥ...

ምንትዋብ፣ እጄን ልቀቂኝ፤ ጥፍርሽ ወጋኝ። አዎ፣ እናትሽ ነበረች። ቤት ተኝታለች፤ ሳጥኑ ውስጥም ናት። እንዴት ነው አትበይኝ፣ እኔም አላውቅም።

አባቴ ሊለቅ ፈለገ። ትከሻው ከእንጨቱ አልላቀቅ አለ። ጮኸ። ለመነ። «ልጄ ናት! መድኃኒቷን ይዣለሁ!» አላቸው። እነሱም አልተቆጡም፤ አልሳቁበትም። «እኛም አይለቀንም» አሉት። «ና ተራመድ፣ ሳይነጋ እንድረስ።» የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በዛፎቹ መሃል መታየት ጀመረ።

ያኔ ነው ደንቡ ትዝ ያለው። ባዶ መሬት ከነካ ይመለሳል።

«ብጥለውስ?» አለ።

ሦስቱም ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። ፊተኛው «ተው» አለው። «ከጣልከው ይህ የሳጥኑ ማዕዘን ያንተ ይሆናል። እኛ የሚቀበለን ስናገኝ እንሄዳለን። የጣለ ሰው ግን ከሞተ በኋላም ተሸካሚ ነው። ማረፍ የለውም። ገባህ? ማረፍ የለም።»

ማረፍ የለም ሲሉት ምን ያህል ደክሞት ነበር መሰላችሁ? ከንጋት ጀምሮ በእግሩ የቆመ ሰው ነው። እንደ ማረፍ የሚያምረው ነገር አልነበረም። ቢሆንም ጉልበቱን አጠፈ፣ ትከሻውን አዘነበለና...

ጓ!

አይዟችሁ፣ አይዟችሁ፣ ወለሉን የመታሁት እኔ ነኝ። ሳጥኑ በረዶው ላይ ወደቀ። ከሰዎቹ አንዱ «እንደገና ዳገቱን» ብሎ ተነፈሰ። አነሡት። ሽቅብ ዞሩ። አባቴም ከእነሱ ጋር ተሸክሞ ወጣ፤ አሁን ግን ወደ ቤቱ ነው። በራችን ላይ ሲደርሱ ትከሻው ለቀቀው።

«ግባ» አለው ፊተኛው። «አንተ ሳትመጣ ይህ ሳጥን አይነሣም። ቀንህ ሲደርስ እንጠራሃለን።»

ሲገባ እናቴ እያለቀሰች ነበር። የስንዱ ትንፋሽ ቆሞ ነበር አለችው። አንድ ነገር የሆነ ቦታ ጓ ብሎ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ልጅቷም ደንግጣ አለቀሰች፣ አለችው። እሱ ሽሮፑን በማንኪያ አጠጣት። ጠዋት እኔ በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ በረዶው በሳጥን ቅርጽ ተረግጦ ነበር። ትንሽ ሳጥን። እኔ እዚያ ውስጥ ተኝቼ ስጫወት አባቴ ብድግ አድርጎ በጥፊ አለኝ። በሕይወቱ የመታኝ ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቀኝ ትከሻው ወረደ። ኮት ሲለብስ የሚያልቀው በቀኝ ትከሻው በኩል ብቻ ነበር። እናቴ ትጥፋለች፣ እንደገና ይቀደዳል፣ እንደገና ትጥፋለች። «ምን ተሸክመህ ነው?» ትለዋለች። «ደክሞኝ ነው» ይላታል። ልጅ ሆኜ ከሱ አፍ ከሁሉ አብዝቼ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው፤ ደክሞኛል። ስንዱ ስትሮጥ፣ ዳክዬ ስታባርር፣ ከትምህርት ቤት ጭቃ ለብሳ ስትመጣ መስኮት ላይ ቆሞ ያያታል። ፈገግ ይልና «ደክሞኛል» ይላል።

ኋላ አገራችን ገባን። ሊሞት ሲል ሁሉን አስወጥቶ ይህን የነገረኝ እዚህ ቤት ነው። ይትባረክ፣ አንተ ያኔ ጡት ትጠባ ነበር። እኔም «አባባ፣ እንግዲህ ሊያነሡት ነው ማለት ነው? ስንዱን ሊወስዷት?» አልኩት።

«ያነሡታል፣ እሷ ካለችበት ቤት ሁሉ» አለኝ። «እኔም አብሬ አነሣለሁ። ግን ቀስ ብዬ ነው የምሄደው። ከዚያ እጥለዋለሁ። እንደገና ያነሡታል፣ እንደገና እጥለዋለሁ። እሷ እስክታረጅ እንዲህ እንላለን።»

አለቀስኩ። የኔ አባት! ዕድሜውን ሙሉ ማረፍ ሲያምረው ኖሮ።

ምንትዋብ፣ ሲጥለው አንዱን አንቺ ሰምተሽዋል። እናትሽ በታይፎይድ የወደቀች ጊዜ፣ ተስፋ ቆርጠን በተቀመጥንበት፣ ደጅ ምን ወደቀ ብለሽ አልወጣሽም? ምን አገኘሽ? ምንም። እኔ ግን እንባዬ መጣ፤ አንቺም «ጋሼ ምን ሆንክ» አልሽኝ። በማግስቱ እናትሽ ሾርባ ጠየቀች።

እንግዲህ ይትባረክ፣ ለምን ብቻህን እንደማልሰድህ ገባህ? ሰዎቹን ፈርቼ አይደለም። አንተን ፈርቼ ነው። እናትህ በታመመችበት ሌሊት፣ በዚያ በወንዙ አቋራጭ፣ አንድ ሽማግሌ በስተኋላ በቀኝ በኩል ተሸክሞ ይመጣል። እግሩ ይብረከረካል። «የኔ ልጅ፣ ደክሞኛል» ይልሃል፣ በአማርኛ። ማረፍ የለውም ቢባልም ታልፈዋለህ? አታልፈውም። አውቅሃለሁ። አንተም ልክ እንደሱ ነህ። ከተቀበልከው ደግሞ ወይ እናትህን ታደርሳለህ፣ ወይ ጥለህ ለዘላለም ትሸከማለህ። ሁለቱም ላንተ አይሆንም። ገና ልጅ ትወልዳለህ።

ቆይ። ዝም በሉ እስቲ።

ሰማችሁ? ከውስጥ። ሲጥ... ሲጥ...

ምንትዋብ፣ ሻማውን ያዢና ሂጂ። ቀና አድርጊያት። ትራሱን... ዝም አለች? ምን ማለትሽ ነው ዝም አለች? ትንፋሿስ? ስንዱ! ስንዱዬ!

ጓ!

እኔ አይደለሁም። እጄን አየኸው፣ እኔ አልመታሁም። ደጅ ነው።

«መኩሪያ!»

ሰማችሁ? እሷ ናት። እየጠራችኝ ነው።

«መኩሪያ፣ ምንድን ነው የጣላችሁት? አስደነገጣችሁኝ እኮ!»

ምንም አይደለም እህቴ። ምንም አይደለም፣ ተኚ። ምንትዋብ፣ ውሃ ስጫት። ሳትቸኩይ አጠጪያት።

ይትባረክ፣ ተመለስ፤ በሩን አትክፈት። አውቃለሁ፣ አያትህ ነው። ደክሞታል። እኔም ደክሞኛል፤ ቀኔ ሲደርስ እኔ እቀበለዋለሁ፣ መጣሉም አያቅተኝም። አንተ ና ጫማህን አውልቅ።